ዳሞዳራን ስፈታ፦ የሳንስክሪት ትምህርቴ የደረሰበት

ሰላም ጓዶች። ዛሬ ፑሩሾታማ የሚለውን የሂንዱ አምላክ የቪሽኑን ስም መዝገበ ቃላት ሳልከፍት ፈታሁት! ደስታው ስላላስቀመጠኝ እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ላካፍላችሁ።

ፊደሉ ብዙ አላደከመኝም። ሳንስክሪት፣ ጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ፣ የሚጻፍበት ዴቫናጋሪም እንደኛ ፊደል አናባቢውን ከተናባቢው ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍ፣ ሀሁ የቆጠረ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። በላቲን ፊደል በተጻፈ መጽሐፍ አትጀምሩ፤ ኋላ መልሶ መማር ይሆንባችኋል።

ፈተናው ሳንዲ ነው፤ ቃላት ሲጋጠሙ ድምፃቸው የሚዋሃድበት ሕግ። የምለማመደው በቪሽኑ ሳሃስራናማ ነው። በጥንታዊው የሕንድ የጀግኖች ግጥም በማሃባራታ ውስጥ አዛውንቱ ተዋጊ ቢሽማ በቀስት አልጋ ላይ ተኝቶ ለንጉሡ ለዩዲሽቲራ የሚነግረው የ1000 ስሞች ውዳሴ ነው። ውዳሴውን በተረጎመው በጥንቱ ፈላስፋ በሻንካራ አቆጣጠር 367ኛው ስም፣ ዳሞዳራ፣ ክፉኛ ያዘኝ። "ዳማ" ገመድ መሆኑን አገኘሁ፤ የቀረው ግን ከምንም አልገጥም አለኝ። ለካ "አ" እና "ኡ" ሲገናኙ "ኦ" ይሆናሉ፦ ዳማ እና ኡዳራ፣ ዳሞዳራ። ኡዳራ ሆድ ነው። ስለዚህ ሆዱ በገመድ የታሰረ ማለት ነው። ፑሩሻ እና ኡታማ ፑሩሾታማ የሚሆኑትም በዚሁ ሕግ ነው፤ ከሁሉ የላቀው አካል። መሐል ቃል ላይ "ኦ" ስታዩ ሁለት ቃል መሆኑን ጠርጥሩ።

የመታሰሩ ታሪክ ብሃጋቫታ ፑራና በሚባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ፣ 10ኛ መጽሐፍ ምዕራፍ 9 ላይ አለ። ያሾዳ እርጎ ስትንጥ ወተቷ ይገነፍልና ልጇን ክሪሽናን፣ ማለትም ሰው ሆኖ የመጣውን ቪሽኑን፣ ትታ ትሮጣለች። እሱ ተቆጥቶ ማሰሮውን ይሰብራል፤ በተገለበጠ ሙቀጫ ላይ ተቀምጦ ቅቤውን ለዝንጀሮ ያድላል። ከሙቀጫው ልታስረው ስትል ገመዱ ሁለት ጣት ያጥራል። ብትቀጥልበትም ያው ሁለት ጣት። ላብ ሲያጠምቃት አይቶ አዘነላትና ራሱ ታሰረላት። ክሪሽናን የሚያመልኩት የጋውዲያ ቫይሽናቫ መምህራን አንዷን ጣት የአማኙ ድካም፣ ሌላዋን የአምላክ ጸጋ ይሏታል።

ሻንካራ ሌላም ፍቺ ያክላል፦ ዓለማት ሁሉ በሆዱ ያሉ። ሁለቱን አጣምሬ ሳነብ ስሙ በረታብኝ፤ ዓለማትን የያዘ ሆድ በእናት የጓዳ ገመድ ታሰረ። "1000 ስሞች ከነትርጉማቸው" እያሉ ለእያንዳንዱ አንድ ቃል ብቻ የሚሰጡ ዝርዝሮችን የምጠላው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ይደብቃሉ። አንድ ስም ያዙና ከነታሪኩ ሳትጨርሱት ወደ ሌላው አትለፉ።

እኔ ራሴ ማዳመጥ ላይ ገና ደካማ ነኝ፤ ሲዜም ቃላቱን መለየት አልችልም። ቀጥሎ የያዝኩት ዳሞዳራሽታካ ነው፤ በሂንዱ አቆጣጠር በካርቲክ ወር አማኞች መብራት እያቀረቡ የሚያዜሙት ባለ 8 አንቀጽ መዝሙር። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ቅጂ ያላችሁ ላኩልኝ።