በማርሚታው ላይ የበሳኋቸው አራት ቀዳዳዎች

ጋራዥ መሥራት ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት በትንሽ መኪና መጣ። ባለ ሦስት ሲሊንደር ናት፣ 1,000 ሲሲ። ንጹሕ፣ በደንብ የተያዘች መኪና። ልጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ጉዳዩን ነገረኝ።

«ስማው እስቲ ድምፁን። የልብስ ስፌት ማሽን ነው የሚመስለው። ትንሽ ወፈር፣ ጎላ ቢልልኝ ደስ ይለኛል። ግን ብዙ ገንዘብ የለኝም።»

ጥያቄው አልገረመኝም። እኔንም ወደዚህ ሙያ የሳበኝ የሞተር ድምፅ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ደረት ላይ የሚሰማው ያ ንዝረት፣ የሚወደው ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ልጁን ደስ ላሰኘው ፈለግኩ። በርካሽ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ሌሎች ሲሠሩ አይቻለሁ።

መኪናዋን በክሪክ አነሳሁና ሥሯ ገባሁ። ድሪል ይዤ የመሃሉን ማርሚታ፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ድምፅ የሚያፍነውን ዕቃ፣ በ8 ሚሊ ሜትር መብሻ አራት ቦታ በሳሁት። ሦስቱን ወደ ታች፣ አንዱን ወደ ጎን። የጎኑን የበሳሁት እጄ እዚያ ስለተመቸው ብቻ ነው። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ልጁ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ፊቱ በራ። አመስግኖኝ ሄደ።

ማርሚታ ውስጡ ባዶ ቆርቆሮ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ውስጡ የተበሳሱ ቱቦዎችና ክፍሎች አሉት። ከሲሊንደሩ በግፊት የሚወጣው ጭስ በእነዚህ ውስጥ ሲመላለስ የድምፁ ሞገድ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የአሜሪካዎቹ ሪቭስ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1897 ለሞተር ማርሚታ የፈጠራ መብት አስመዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ ስንት መሐንዲስ የደከመበት ዕቃ ላይ ነው እኔ ሳላስብ ድሪል ያሳረፍኩት። ማርሚታው ከድምፅ ማፈን ሌላ አንድ ሥራ እንዳለው አላሰብኩም ነበር። ጭሱን አፍኖ ይዞ ከመኪናው ኋላ አውጥቶ ይጥላል።

ልጁ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ።

«ድምፁ ከተማ ውስጥ አሪፍ ነው» አለኝ። «ረጅም መንገድ ላይ ግን አንድ ፍጥነት ላይ ስደርስ ጆሮዬን ይይዘዋል። ኡምምም ይላል፣ አይለቅም።»

ይህን አውቀዋለሁ። ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 2,400 ዙር ላይ በሰከንድ 60 ጊዜ ይፈነዳል። የመሃሉ ማርሚታ ያፍነው የነበረው እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ነው። ሲበሳ ድምፁ በቀጥታ የመኪናውን ወለል እንደ ከበሮ ይመታል። አሥር ደቂቃ ደስ ይላል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ራስ ያዞራል፣ ያደክማል። ይህንን እያስረዳሁት ሳለ ልጁ ሌላ ነገር ጣል አደረገ።

«እህቴም ከኋላ ተቀምጣ ራሷን አመማት። መኪና አይስማማትም መሰለኝ።»

«ድሮም ያማት ነበር?»

«ኧረ በፍጹም። መጀመሪያ አቅለሸለሻት። ከዚያ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ስንደርስ ለመቀስቀስ ራሱ ተቸገርን። ወጥታ ንፋስ ሲነካት ነው ደህና የሆነችው።»

እጄ ላይ የነበረውን ቁልፍ አስቀመጥኩ። «መስኮቱስ?» አልኩት። ድምፁ ስለበዛባቸው ሁሉንም ዘግተውት ነበር።

መኪናዋን አነሳሁና የእጅ ባትሪ ይዤ ሥሯ ገባሁ። ወደ ታች ያሉት ሦስቱ ቀዳዳዎች ዙሪያቸው ጥቀርሻ ይዟል። የጎኑ ግን ሌላ ታሪክ ነበረው። ከእሱ የወጣው ጭስ ወለሉ ላይ የጣት ውፍረት ያለው ጥቁር መስመር አስምሯል። መስመሩን በባትሪ ተከተልኩት። ወለሉ ላይ ያለች አንዲት ክብ ቀዳዳ ጋ ሲደርስ ይቆማል። እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች ፋብሪካው በጎማ ክዳን የሚደፍናቸው ናቸው። የዚህችኛዋ ክዳን የለም። መቼ እንደወደቀ ማን ያውቃል። ጣቴን አስገብቼ ሳወጣው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ከዚያ ውስጥ ገብቼ የኋላውን ምንጣፍ ገለጥኩ። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ላይ የቀዳዳዋን ቅርጽ የያዘ ጥቁር ክብ ታትሟል። ልክ እህቱ እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ።

ከሞተር የሚወጣው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ ነው። እንቅልፉ ነው የሚያስፈራው፤ የተኛ ሰው መስኮት አይከፍትም። ክፉ የሚያደርገው ደግሞ ሁሉም ነገር የመኪና ሕመም መምሰሉ ነው።

ልጁን ጠርቼ ጥቁሩን ክብ አሳየሁት። «ወንድሜ፣ እህትህን ያመማት መኪና ስለማይስማማት አይደለም። እኔ የበሳሁት ቀዳዳ ነው» አልኩት። ዝም አለ። እኔም የምጨምረው አልነበረኝም። አሁን ደህና መሆኗን ጠየቅኩት፣ ደህና ናት አለኝ። ያም ሆኖ ሐኪም እንዲያያት ነገርኩት። መኪናዋ እዚያው አደረች።

አለቃዬ ማታ ሰማ። አልጮኸብኝም። ማርሚታውን እያገላበጠ «ድምፁም ጋዙም የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ነው። ድምፁን ብቻ ላውጣ ብትል ማን ይሰማሃል?» አለኝ። ከዚያ «ልጁ ግን ድምፅ ፈልጎ ነው የመጣው። ዝም ብለህ ልትመልሰው ነው?» ብሎ ጨመረ። ይህቺ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ስታሳስበኝ አደረች።

ሞተር ጭስ ብቻ አያወጣም። አየርም ይስባል። ሲስብም ድምፅ አለው፣ ያውም ደስ የሚል። ፋብሪካዎች ይህን ድምፅ ለማፈን ከአየር ፊልትሮው በፊት ጠባብ የፕላስቲክ አፍና ባዶ የፕላስቲክ ሳጥን ያስገባሉ። በዚያ በኩል የሚያልፈው ንጹሕ አየር ነው፤ ቢያፈተልክም ማንንም አይገድልም። ድምፅ መጨመር የሚፈልጉ ኩባንያዎች ራሳቸው ወደዚህ በኩል ነው የሄዱት። ቶዮታ 86 ላይ የመሳቢያውን ድምፅ ወደ ተሳፋሪው የሚያመጣ ቱቦ አለ። ቢኤምደብሊው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ኤም 5 ላይ የሞተሩን ድምፅ በስፒከር አጅቦታል።

በማግስቱ የተበሳውን አውጥቼ ከሌላ መኪና የተፈታ ደህና የመሃል ማርሚታ በራሴ ወጪ ገጠምኩ። የወለሉን ቀዳዳ በአዲስ የጎማ ክዳን ደፈንኩ፣ ምንጣፉንና ስፖንጁን ቀየርኩ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከፊልትሮው ሳጥን በፊት ያለውን ባዶ ሳጥን ፈታሁ፣ ቦታውን በልኩ ደፈንኩ። ጠባቡንም አፍ አወጣሁ። ፊልትሮውን ግን አልነካሁም። ፊልትሮ አውልቆ መንዳት የሚወዱ አሉ፤ አቧራው ፒስተንና ሲሊንደሩን ሲበላው ነው የሚገባቸው። የአየር መሳቢያው አፍ ወደ ታች እንዳይዞርም ተጠንቅቄያለሁ። ሞተር ውኃ ከሳበ ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ይጣመማል። የሞተሩን ሙቀት እንዳይስብም ከፊት በኩል ቀዝቃዛ አየር እንዲያገኝ አደረግኩት። የፈታኋቸውን ዕቃዎች በፌስታል አድርጌ ሻንጣ ውስጥ አስቀመጥኩለት። ካልወደደው በሩብ ሰዓት መመለስ ይቻላል። የተበሳ ማርሚታ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም፣ የቴክኒክ ምርመራም አያልፍም።

ሰው ይህን እንዲያውቅልኝ ስለምፈልግ አንድ ነገር ልጨምር። ቀዳዳውን ከፊት፣ ሞተሩ ጋ የሚያደርጉት ወይም ጋስኬቱን፣ ማለትም የመገጣጠሚያውን ማሸጊያ፣ የሚያላሉ አሉ። ያ የባሰ ነው። በዚያ በኩል የውጭ አየር ይገባና ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ሴንሰር ያሳስተዋል። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያነሰ መስሎት ይጨምራል፣ መኪናው ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። ጉልበት ይጨምራል የሚባለውም በትንሽ ሞተር ላይ እምብዛም አይታይም። ድምፁ ስለጨመረ የፈጠነ ይመስላል እንጂ። ገንዘብ ያለው ሰው የኋላውን ማርሚታ ብቻ ለቀቅ ባለ ማርሚታ ይቀይር። ብየዳው ጥብቅ ይሁን፣ አፉም ከመከላከያው አልፎ ይውጣ። የመሃሉ አይነካ።

አሁን ጋራዡ ውስጥ ጭስ ማውጫ የተነካበት መኪና ሳልፈትሽ አይወጣም። ሞተሩ በቀስታ እየሠራ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ጓንት አድርጌ የጭስ ማውጫውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ እይዘዋለሁ። ረዳቴ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። የሆነ ቦታ ፍስስ ካለ ብየዳው እንደገና ይሠራል።

ልጁ መኪናውን ሊወስድ የመጣው ከእህቱ ጋር ነበር። አስነሥቶ ነዳጅ ሲረግጠው ከኮፈኑ ሥር ሆ የሚል ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ ሲለቀው ተመልሶ ዝም አለ። «ይሄ እኮ ከበፊቱ ይሻላል!» አለ። እህቱ ከኋላ ገባች። የሠራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አሳይቻታለሁ፤ በትዕግሥት አዳምጣኛለች፣ አመስግናኛለችም። ከግቢው ሲወጡ ግን መስኮቱን እስከ ታች አውርዳው ነበር።