ባልጩትና ዱልዱም ቢላዬ

ቅዳሜ ጠዋት ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ወዳለው ጫቢ ተራራ ግርጌ ሄድኩ። የያዝኩት አንድ ዱልዱም ቢላ፣ ከወንዝ የለቀምኩት ድቡልቡል ድንጋይ፣ የፍየል ቀንድ፣ የአሮጌ ጂንስ ቁራጭና የፀሐይ መነጽር ነው። ከባልጩት መቁረጫ ልሠራ።

እዚያ ባልጩት ፍለጋ መንከራተት የለም። ድንጋዩ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል። ከእሳተ ገሞራ የወጣው የቀለጠ ድንጋይ ቶሎ ቀዝቅዞ እንደ ጥቁር መስተዋት ቀርቷል። ሲመቱትም እንደ ጠርሙስ ነው የሚሰበረው።

ቢላው የቀንዱን ጫፍ ለመቅረጽ ነበር። ኋላ ጠርዙን የማስተካክለው በቀንዱ እየተጫንኩ ነውና። ሃያ ደቂቃ ፋቅሁት። ቀንዱ ንቅንቅ አላለም፤ ቢላው ግን ይባስ ዶለዶመ። ተውኩትና ወደ ድንጋዩ ዞርኩ።

ጂንሱን ጭኔ ላይ አንጥፌ ባልጩቱን በድቡልቡሉ ድንጋይ መቀጥቀጥ ጀመርኩ። መሃል መሃሉን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያተረፍኩት ስብርባሪ ብቻ ነው። ለካ መመታት ያለበት ጠርዙ ነው፤ ያውም ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ያነሰ ጠርዝ። አፋር ውስጥ ጎና ላይ ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ድንጋይ የጠረቡት ይህን አውቀውት ነበር። እኔ ዲግሪ ይዤ ዲግሪው ጠፋኝ።

ከዚያ አንዱን ጠርዝ ገደድ አድርጌ ብመታው ቅጭል አለ። መዳፌን የሚያህል ስንጣሪ ጂንሱ ላይ ወደቀ። የውስጥ ፊቱ ላይ ውሃ ውስጥ ጠጠር ሲጥሉ የሚሰራጨው ዓይነት ሞገድ አለ፤ ከተመታበት ቦታ ይነሳና እየሰፋ ይሄዳል። ዳሩ ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። ዝም ብዬ ሳየው ቆየሁ።

ከዚያ ቢላው ያቃተውን ቀንድ በስንጣሪው ፋቅሁት። ቀንዱ እንደ ቅርፊት ተላጠ! ሙሴን ተከትላ የሄደችው ሲፓራ ልጇን በባልጩት ገረዘች የሚለውን ኦሪት ዘጸአት ላይ ሳነብ ይዘገንነኝ ነበር። አሁን እንኳ በእኔ ቢላ አልሆነ እላለሁ።

በዚህ ደስታ መሃል ሌባ ጣቴን ቆረጠኝ። አላመመኝም፤ ደሙን ሳይ ነው ያወቅሁት። ኮንሶ ቆዳ የሚፍቁ እናቶች የድንጋይ መፋቂያቸውን እንጨት እጀታ ላይ አጣብቀው ነው የሚይዙት። እኔ በባዶ እጄ ነው የጨበጥኩት። ይገባኛል።

ጠርዙን በቀንዱ እየተጫኑ የማስተካከሉን ነገር ብዙ አላወራም። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስት ጊዜ ሰበርኩ።

ስጨርስ ስብርባሪውን አንድ ባንድ ለቅሜ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። አንድም ከብት ይረግጠዋል። ሁለትም የዛሬ መቶ ዓመት አንድ አርኪዮሎጂስት የእኔን ዝርክርክ ሥራ አግኝቶ የጥንት ጀማሪ ተማሪ ነው ብሎ እንዳይጽፍብኝ።

ፌስታሉ እስካሁን በረንዳ ላይ ነው። ቆሻሻ ውስጥ ልጥለው ነበር፤ የሚሰበስቡት ልጆች ግን ጓንት የላቸውም። ትናንት የባዶ ዘይት ጀሪካን አፉን ቀድጄ ልጨምረው አሰብኩ። ቢላው እምቢ አለኝ። ስንጣሪውን ከመሳቢያ አወጣሁ።