ትልቁ ሬክቲፋየር እና ትንሿ ኦሬንጅ

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የልምምድ ክፍላችን ውስጥ ሁለት የጊታር አምፕሊፋየሮችን ስናወዳድር ዋልን። አንዱ የሜሳ ቡጊ ዱዋል ሬክቲፋየር ነው፤ 100 ዋት፣ ድምፁን በቲዩብ (በድሮ ሬዲዮኖች ውስጥ እንደነበረው ያለ የመስታወት አምፖል) የሚያጎላ፣ ዋጋው ከ2,000 ዶላር በላይ። ሌላዋ ኦሬንጅ ማይክሮ ዳርክ ናት፤ 20 ዋት፣ አንድ ቲዩብ ብቻ ያላት፣ በአንድ እጅ የምትያዝ ትንሽ ሳጥን።

ሁለቱንም በየተራ ከአንድ ባለ አራት ስፒከር ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ጋር አገናኘናቸው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ርካሽ አምፕ በትንሽ ስፒከር ሰምቶ "ድምፁ ቀጭን ነው" ይላል፤ ያቀጠነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩ ነው። ትንሿ ኦሬንጅ በ12 ኢንች ስፒከሮች ስትጮህ ደረት የሚመታ ድምፅ አወጣች። በጣም ወደድኳት!

ልዩነቱ የታየው ከበሮው ሲገባ ነው። ኦሬንጇ ድምፅ በጨመርንላት ቁጥር ትታፈናለች። ሬክቲፋየሩ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል፤ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል። እሱም ቢሆን ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ይዝረከረካል። ከፊቱ ቲዩብ ስክሪመር ፔዳል (በጊታሩና በአምፑ መካከል የሚገባ፣ ድምፁን የሚያሻክር) አስገብተን፣ ድራይቩን (ማሻከሪያውን) ዝቅ፣ ሌቭሉን (የድምፅ መጠኑን) ከፍ ስናደርግ ነው ጥብቅ ያለው። (የአምፑን ጌይን፣ ማለትም የማሻከሪያ መጠኑንም ቀንሱት፤ ሲበዛ ክብደቱን ይበላዋል።)

ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ሰው ትንሿ ከበቂ በላይ ናት፤ የተረፈውን ገንዘብ ጥሩ ስፒከር ላይ ያውለው። ከበሮ ባለበት መድረክ ለሚጫወት ግን ምርጫዬ ያለ ማመንታት ሬክቲፋየሩ ነው። ካቢኔት ስታገናኙ የኦም ቁጥሩን (የስፒከሩን የኤሌክትሪክ መቋቋም) እዩ፤ ማይክሮ ዳርክ ከ8 ኦም በታች አይገባትም።