«ወጌሻ ልትሆኚ ነው አሉ?»

ባለፈው ሳምንት ደሴ ያለች የልጅነት ጓደኛዬ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ሁለት የሕክምና ትምህርት ቤት ተቀብሎሽ ጭንቀቱ ምንድን ነው? ደስ ያለሽን ይዘሽ መግባት ነው። ደግሞስ በነፃ አይደል የሚያስተምሩሽ?» ክፋት የለባትም። እኔም ዲቪ ደርሶኝ በ2016 ከቦሌ ስነሳ የማውቀው ከዚህ አይበልጥም ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ቢሆንም መልእክቷን አንብቤ ስልኩን ሳስቀምጥ እንባዬ መጣ። ይህን የምጽፈው ለእርሷ ነው። እንደ እርሷ የሚጠይቁኝ ብዙ ስለሆኑ ለሁሉም ይሁን።

ስለ አሥሩ ዓመት ብዙ አላወራም። ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሰው እያገላበጥኩ፣ ቀን ኮሌጅ እየተማርኩ አለፈ። አሜሪካ ውስጥ እንደ አገራችን ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሌላ ዲግሪ ሳይዙ ሕክምና መግባት የተለመደ አይደለም። መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ፣ ቀጥሎ ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና፣ ከዚያ በኋላ ነው ማመልከቻው። ከፍተኛው 528 በሆነው ፈተና 507 አመጣሁ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀበሉኝ፤ ሁለቱም ኦስቲዮፓቲክ የሚባለውን ሕክምና የሚያስተምሩ ናቸው። ጣጣው የጀመረው ከዚህች ቃል ነው።

አጎቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው ቤቱ የእንኳን ደስ አለሽ ግብዣ ደገሰ። ዶሮው ተሠርቷል፣ የማኅበር ጓደኞቹ ተሰብስበዋል፣ ባለቤቱ በዚያ ብርድ ከየት እንዳገኘችው እንጃ ቄጠማ ጎዝጉዛለች። አጎቴ ቆሞ «በቤታችን የመጀመሪያዋ ዶክተር!» ሲል ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ያኔ ብዙ ዓመት ለንደን ኖረው የመጡ አንድ ሰው ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ኦስቲዮፓቲክ?» አሉ። «ለንደን እኮ ኦስቲዮፓት የሚባሉት ጀርባ የሚያሹት ናቸው። ሐኪም አይደሉም። የእኛ ወጌሻ ማለት ነው።»

አጎቴ ሊያጎርሰኝ የጠቀለለው እንጀራ አየር ላይ ቆመ። የወጡ ዘይት በጣቶቹ መካከል አልፎ አይበሉባው ላይ ሲወርድ፣ ከዚያም የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ሲያቀላ አየሁ። እርሱ አላየውም። የሚያየው እኔን ነበር፤ አንድ ነገር እንድናገር እየጠበቀ። አፌ ተሳሰረ። ትምህርት ቤት ያስገባኝን የቃለ መጠይቅ መልስ ሁሉ በእንግሊዝኛ እንጂ በአማርኛ አላውቀውም ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ ቶሎ ብሎ የራሱን ልጅ የትምህርት ቤት ስም አነሳ። የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ደስታሽን ሳያጣጥም ከልጁ ጋር ያስተያያል።

ወሬው ሳይነጋ ደሴ ገባ። እናቴ ደወለች።

«ልጄ፣ ወጌሻ ልትሆኚ ነው አሉ? እውነት ነው?»

ድምፅዋ ውስጥ ንቀት አልነበረም፤ ፍርሃት እንጂ። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ የጎረቤታችን ልጅ ከሾላ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻው መጥቶ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ጥፍር አድርጎ አሰረለት። ልጁን ይዛ ያሳሰረችው እናቴ ነበረች። ሦስት ሌሊት «ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝ» እያለ አለቀሰ፤ ወንድ ልጅ ይችላል ተባለ። በአራተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቆሩ። ሆስፒታል ሲደርስ ክንዱን ከክርኑ በታች ከመቁረጥ ሌላ ምርጫ አልነበረም። የተፈታውን ጨርቅ እናቴ አጥባ ማስቀመጧን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ወጌሻን አልንቅም። የወንድሜን የወለቀ ትከሻ በአንድ ትንፋሽ የመለሰ ወጌሻ ነው። ግን «ወጌሻ» የሚለው ቃል በእናቴ ጆሮ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ፣ ያን ቀን ሁለቱንም ትምህርት ቤት ትቼ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ለማመልከት ቃጣኝ።

እውነቱ ይህ ነው። የለንደኑ ሰው ስለ ለንደን አልዋሹም፤ እንግሊዝ ውስጥ ኦስቲዮፓት በእጁ የሚያክም ባለሙያ እንጂ የሕክምና ዶክተር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ዲ.ኦ. የሚባለው ማዕረግ ያለው ሰው ሙሉ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ሕክምና ይሠራል፣ በሃምሳውም ግዛት ፈቃድ ያወጣል። ከ2020 ጀምሮ ሬዚደንሲ የሚባለው ከምረቃ በኋላ ያለው የሆስፒታል ሥልጠና፣ ኤም.ዲ. የሚል ማዕረግ ካላቸው ከሌሎቹ ሐኪሞች ጋር በአንድ ሥርዓት ሥር ሆኗል። ዛሬ በዚህ አገር ሕክምና ከሚማሩት አራት ሰዎች አንዱ ያህል በዚህ መንገድ ይማራል። ልዩነቱ፣ ከሌላው ትምህርት ላይ አጥንትን፣ ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ ዳስሶ ማከምን 200 ሰዓት ያህል መማራችን ነው።

ነገሩን የጀመረው አንድሪው ቴይለር ስቲል የተባለ ሐኪም ነው። በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር ቀበረ። የዘመኑ መድኃኒት ስላላዳነለት ተቆጥቶ ሌላ መንገድ ሲፈልግ ኖረ፤ በ1892 ሚዙሪ ውስጥ ኪርክስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በመጀመሪያው ዙር ሴቶችን ተቀብሎ አስተማረ። ስለ እርሱ ሳነብ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ትምህርት ቤቱን ከመክፈቱ በፊት ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲያክም ራሱን ያስተዋወቀው «እንደ መብረቅ ፈጣን ወጌሻ» ብሎ ነው። እናቴ ያለችው ከእውነት ያን ያህል የራቀ አልነበረም።

አጎቴን የረዳው ግን ሌላ ታሪክ ነው። በ1962 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2,000 በላይ ዲ.ኦ.ዎች አጭር ትምህርት ወስደው 65 ዶላር ሲከፍሉ ኤም.ዲ. ተባሉ። ይህን ስነግረው ዝም ብሎ አሰበና «ታዲያ ሰዎቹ ያው አይደሉም?» አለኝ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጋሼ።

የሚቆጨኝ በሁለት ፊደል ተይዤ ስድስት ሳምንት ማባከኔ ነው። መጨነቅ የነበረብኝ ሌላ ቦታ ነበር።

አንደኛው ትምህርት ቤት ዕድሜ ጠገብ ነው፤ በሁለት አውሮፕላን የሚደረስበት፣ የአገር ሰው የሌለበት፣ እንጀራ በፖስታ የሚታዘዝበት ከተማ ውስጥ። ሁለተኛው ገና የመጀመሪያ ተመራቂዎቹን ያላወጣ አዲስ ትምህርት ቤት ነው፤ አክስቴ በምትኖርበት ከተማ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሱቁ፣ ሰዉ ሁሉ አለ። አክስቴ ክፍሌን ቀለም ቀብታ መጋረጃ ሰቅላ ፎቶ ላከችልኝ። በዚያ ላይ አዲሱ ትምህርት ቤት 10,000 ዶላር የነፃ ትምህርት ድጋፍ ሰጠኝ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ምን ታስቢያለሽ?» አለኝ።

ሁለቱንም ቦታ ለመያዝ ቀብድ ያስፈልጋል፤ ለአንዱ 1,500፣ ለሌላው 2,000 ዶላር። «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለው ደብዳቤ ግርጌ ላይ የክፍያው ቀነ ገደብ ተጽፏል። አሜሪካኖቹ ደግሞ እንዲህ ናቸው፤ ደስታሽን ከሒሳብ ጋር አያይዘው ይልካሉ። የእቁብ ዕጣዬ በዚያ አለቀ፤ ከሁለቱ አንዱ ቀብድ እንደማይመለስ እያወቅሁ ከፈልኩ።

ከዚያ ሄጄ አየሁ። አዲሱ ትምህርት ቤት ሕንፃው ያበራል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል፤ የሚያለቅስና የሚያተኩሰው አሻንጉሊት በሽተኛ ሳይቀር አለ። የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር፦ «በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት የትኛው ሆስፒታል ነው የምሠራው?» ያስጎበኘችን ሴት ፈገግ ብላ «ዝርዝሩ እየተሻሻለ ነው» አለችኝ። ጥያቄውን ለዋውጬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሰችልኝ።

አብዛኞቹ ኦስቲዮፓቲክ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ሆስፒታል የላቸውም። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ያስተምሩና ተማሪውን ውል ወደያዙባቸው ሆስፒታሎች ይልኩታል። አንዳንዱ ተማሪ በየወሩ ሻንጣውን እየጫነ ከከተማ ወደ ከተማ ይዞራል፤ የሚያስተምረው ሬዚደንት በሌለበት ትንሽ ክሊኒክ ጥግ ቆሞ ያየ ብቻ ይመለሳል። አገር ቤት ጥቁር አንበሳ የተማረ ሰው ይህን ስነግረው ማመን ያቅተዋል፤ እዚያ ተማሪው ከበሽተኛው አልጋ አይርቅምና።

የድሮውን ትምህርት ቤት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በስልክ አገኘሁት። ሁለቱን ዓመት አንድ ሆስፒታል እንደሚቆይ፣ ከነስሙ ከነአልጋው ብዛት ነገረኝ። እያወራን ሳለ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ሌሊቱን ሕፃን ሲያዋልድ አድሮ አልተኛም ነበር። ድምፁ ደክሟል፣ ደስታው ግን ይሰማል። እኔ የምፈልገው ያን ድካም ነበር።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ ልናገር፤ «በነፃ አይደል?» ለሚለው መልሱ ይህ ስለሆነ። የድጋፉን ደብዳቤ ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ «ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ» የሚል አየሁ። አጎቴ የማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተን አራቱን ዓመት ደመርን። የድሮው ትምህርት ቤት፣ ኑሮው ርካሽ ስለሆነ፣ ከነመኖሪያው 304,000 ዶላር። አዲሱ፣ የአክስቴ ቤት ታስቦ፣ ድጋፉ ተቀንሶ፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመታት መዞርና ኪራይ ሲጨመር 308,000 ዶላር። ርካሽ የተባለው ርካሽ አልነበረም።

በዚህ ላይ ሕጉ ተቀየረ። ቀድሞ የሕክምና ተማሪ የጎደለውን ሁሉ ከመንግሥት ይበደር ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ በዓመት ከ50,000፣ በጠቅላላው ከ200,000 ዶላር በላይ ለትምህርቱ ከመንግሥት መበደር አይችልም። የቀረውን ከግል አበዳሪ ነው፤ ግል አበዳሪ ደግሞ ዋስ ይጠይቃል።

አጎቴ 22 ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። «ዋስሽ እኔ ነኝ» አለና እስክሪብቶውን አነሳ። እጁን ያዝኩት። ብወድቅ፣ ብታመም፣ ዕዳው ቤቱ ላይ ይመጣል። በአሥር ዓመት ያጠራቀምኩት 31,000 ዶላር የመጀመሪያውን ዓመት ጉድለት ይሸፍናል። ሐኪም በጎደለባቸው አካባቢዎች ለማገልገል ለሚፈርም ተማሪ የትምህርቱን ወጪ ወደሚከፍለው የመንግሥት መርሐ ግብርም አመልክቻለሁ፤ መልሱ ገና ነው። ያ ካልሆነ በሁለተኛው ዓመት የአጎቴን ፊርማ እለምናለሁ። እስከዚያ ግን አይፈርምም። የመረጥኩት የድሮውን ትምህርት ቤት ነው። አክስቴ ተቀይማለች፤ መጋረጃው አሁንም እንደተሰቀለ ነው።

12ኛ ክፍል ጨርሳችሁ «አሜሪካ ሕክምና መማር እፈልጋለሁ» እያላችሁ ለምትጽፉልኝ ታናናሾቼ፦ ግሪን ካርድ የሌለውን የሚቀበሉት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው፤ የመንግሥት ብድርም አይሰጠውም። አገር ቤት ሕክምና ከደረሳችሁ ጎንደርም ይሁን ጅማ ተማሩ፤ ጨርሳችሁ የአሜሪካንን የፈቃድ ፈተና ወስዳችሁ ለሬዚደንሲ መወዳደር ይቻላል። ከሁሉ በላይ ይህን ስሙኝ፦ ሕክምና ጀምራችሁ ዲቪ ቢደርሳችሁ እዚህ ካቆማችሁበት የምትቀጥሉ እንዳይመስላችሁ። አራተኛ ዓመት ላይ ትቶ የመጣ አንድ ወንድም አውቃለሁ። የተማረውን የቆጠረለት የሕክምና ትምህርት ቤት የለም፤ ከመጀመሪያው ዲግሪ ጀምር ተባለ። ዛሬ ታክሲ ይነዳል። የአናቶሚ መጽሐፉ መኪናው ውስጥ አለ፤ አሳይቶኛል።

ውሳኔዬን ለእናቴ በነገርኳት ቀን ስለ ከተማው ብርድ፣ ስለ እንጀራው ጠየቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እዚያ ትምህርት ቤት እንደዚያ ልጅ ያለውን ያስተምሩሻል?» አለች። ስሙን አልጠራችም። «ያስተምሩኛል፣ እማዬ» አልኳት። የታሰረ እጅ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከገረጡ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ሳይውል ሳያድር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ማሰሪያውን ፈትቶ ሆስፒታል መሮጥ እንደሚያስፈልግ ነገርኳት።

«ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አለችኝ። ደገምኩላት። የጎረቤት ልጅ ጠርታ ስታስጽፍ ይሰማኛል፦ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ። ጨርሳ ትንሽ ቆየችና ለልጅቷ እንዲህ አለቻት፦

«ደግሞ ‘ልጁ ጠበቀኝ ካለ እመኑት’ ብለሽ ጻፊ።»