ግድግዳውን ነው የላክህልኝ

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። እስካሁን ግን ማይክ ሰክቼ ጌይን (የማይኩን ድምፅ ማጉያ) መክፈት ስጀምር ትዝ ይለኛል።

ዘፈን የምቀዳው መኝታ ቤቴ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ ቆጥቤ፣ ትልቅ ዲያፍራም (ድምፅ ሲመታው የሚነዝር ስስ ሽፋን) ያለው ኮንደንሰር፣ ማለትም ረቂቁን ድምፅ ሁሉ የሚይዝ ማይክ ገዛሁ። ሰው ሁሉ ለድምፅ ኮንደንሰር ነው ይል ነበር፤ እኔም አመንኩ። ማይኩ የሚሠራበትን 48 ቮልት ለቅቄ ሄድፎኑን ሳደርግ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ከንፈሬ ሲላቀቅ እንኳ ይሰማል። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍም በደንብ አልወሰደኝም።

በዚያው ሳምንት አንዲት ድምፃዊት መጣች። ለስለስ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ አላት። «ፐ» እና «ጰ» ስትል ትንፋሿ ማይኩን እንዳይመታው ብዬ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አራቅኳት። ቀኑን ሙሉ ቀዳን። መጨረሻ ላይ አዳመጠችና «ድምፄ ራቀብኝ» አለች።

«ግድ የለም፣ ሚክሲንግ ላይ ይስተካከላል» አልኳት።

ይህን መልሴን ዛሬም አልወደውም። ልጅቷ በትክክል ነበር የሰማችው። የራሷን ድምፅ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ቆም ብዬ ልሰማት ይገባኝ ነበር።

ፋይሉን ሚክስ ለሚያደርጉልኝ፣ ማለትም የተቀዳውን ድምፅ አቀናጅተው ለሚያስተካክሉልኝ አንጋፋ ባለሙያ ላክሁ። በማግሥቱ ጠዋት ደወሉ።

«ልጄ፣ ይህን የት ነው የቀዳኸው?»

«ቤት ነው ጋሼ። በአዲሱ ኮንደንሰር።»

«ስለ ማይኩ አልጠየቅኩህም። ዘፋኟ ስትቆም ከጀርባዋ ምን አለ?»

ዞር ብዬ አየሁ። ምንም የለም። ነጭ ባዶ ግድግዳ ነው።

«ግድግዳ» አልኳቸው።

«እሱን ነው የላክህልኝ። ግድግዳውን።»

ስልኩ እንደተዘጋ ተናደድኩ። ያንን ሁሉ ገንዘብ ያወጣሁበትን ማይክ ምነው ናቁት ብዬ። ከዚያ ትራኩን ከፍቼ ኮምፕሬሰር (ከፍተኛውን ድምፅ ጨምቆ ከዝቅተኛው ጋር የሚያቀራርብ መሣሪያ) ጫንኩበት። ድምጿ ሲጨመቅ፣ በቃላቱ መካከል ተደብቆ የነበረው የክፍሉ ጩኸት ብቅ አለ። የእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ባዶ ጋን ውስጥ የተነገረ ይመስላል። እውነታቸውን ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። ማይኩ ካርዲዮይድ ስለሆነ ከኋላው የሚመጣውን ይቀንሳል፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ይሰማል። ፊት ለፊቱ ያለችው ግን ዘፋኟ ብቻ አይደለችም፤ ከጀርባዋ ያለው ግድግዳም አለ። እኔ ደግሞ ልጅቷን አርቄያታለሁ። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከአፍ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይወርዳል። ክፍሉ የሚመልሰው ድምፅ ግን ያን ያህል አይወርድም። 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ልትዘፍን ስትችል 40 ላይ ሳቆማት 12 ዲሲቤል ያህል ድምፅ ጥዬ ግድግዳውን ጋበዝኩት ማለት ነው።

ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄ፣ ያለ ምንም ክፍያ እንደገና እንድንቀዳ ለመንኳት። መጣች። ከጀርባዋ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብሶች ደርቤ ሰቀልኩ። ብርድ ልብስ የወፍራሙን ድምፅ መመለስ አያስቆምም፤ የመካከለኛውንና የቀጭኑን ግን በደንብ ይውጣል። ኮንደንሰሩ ፊት ፖፕ ፊልተር (ትንፋሽ የሚገታ ወንፊት) አድርጌ አንድ ስንዝር ያህል አስጠጋሁት። ከጎኑ ለመድረክ የምይዘውን ሹር ኤስ ኤም 58 አቆምኩ። ከ1966 ጀምሮ የሚመረት ማይክ ነው፤ መድረክ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ጌይኑን ብዙ መክፈት ነበረብኝ፣ ዳይናሚክ፣ ማለትም ከኮንደንሰር ይልቅ ደከም ያለ ድምፅ የሚያወጣ የማይክ ዓይነት ስለሆነ። ያንኑ ስንኝ ለየብቻ በሁለቱም ቀዳን። የድምፁን መጠን አስተካከልኩና የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራት አሰማኋት።

በልቤ ኮንደንሰሩን እንድትመርጥ እፈልግ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ሁለቴ ሰማች።

«ሁለተኛው» አለች። «እዚህ ውስጥ እኔ አለሁ።»

ሁለተኛው 58 ነበር። ተጠግታ ስለዘፈነች የደረት ድምጿ ወፈር ብሎ ወጥቷል። በኮንደንሰሩ ግን «ሰ» እና «ሸ» ስትል ጆሮ ይወጋ ነበር።

ዳይናሚክ ማይክ ክፍሉን አይሰማም ሲባል እሰማለሁ። በዚህ አልስማማም። ሰው ዳይናሚክን አፉ ሥር አስጠግቶ ስለሚዘፍንበት ነው ክፍሉ የሚጠፋው። ከራቁት እሱም ይሰማዋል፣ ሞክሬዋለሁ።

አዲሱን ፋይል ለጋሼ ላክሁ። ማታውኑ ደወሉ።

«አሁን ገና ዘፋኝ ላክህልኝ። ማይክ ቀየርክ እንዴ?»

«ቀይሬያለሁ ጋሼ። ብርድ ልብስም ሰቅያለሁ።»

«ብርድ ልብሱን እንዳታወርደው» አሉኝ።

ኮንደንሰሩን ለመሸጥ አስቤ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ወጣት መጣ። ድምፁ ጨለም ያለ፣ ቃላቱን ዋጥ የሚያደርግ ነው። በ58 ስቀዳው ጭራሽ ታፈነ። ኮንደንሰሩን አውጥቼ እዚያው ቦታ፣ አንድ ስንዝር ላይ አቆምኩለት። ቃላቱ አንድ በአንድ ተሰሙ። ልጁ ገና የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይጨርስ ፈገግ አለ፤ እኔም ከብርድ ልብሱ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ አብሬው ፈገግ አልኩ።