የጎደለው 5,400 ብር

መርካቶ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ጅምላ ሱቅ ነው። ዐስር ተሰግዶ መዝጊያ ሰዓት ሲቃረብ ካሸሩ የቀኑን ሒሳብ አወራረደ። መዝገቡ 186,350 ብር ይላል፤ መሳቢያው ውስጥ የተቆጠረው 180,950 ብር ነው። 5,400 ብር የለም።

የሱቁ ባለቤት ሐጂ በቆሙበት ጮኹ። «ከአንተ ሌላ ይህን መሳቢያ የሚነካ ማን አለ? በል ቁርኣን ይዘህ ማልልኝ!» ጥቅል ጨርቅ የተሸከሙ ሁለት ሠራተኞች ባሉበት ቀሩ። ከደሴ የመጣ አንድ ደንበኛ ዕቃውን አስጭኖ ሊወጣ ሲል ሰማ፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ካሸሩ ልጅ ቃል አልወጣውም።

ከኋላ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ሒሳብ ያዥ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሐጂ፣ እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ።»

ይህ ለወጉ ያህል የተባለ አይደለም። አቡ ዳውድ ከአቡ ዘር በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቆሞ ሳለ የተቆጣ ሰው እንዲቀመጥ፣ ቁጣው ካልለቀቀው ደግሞ እንዲጋደም አዘዋል። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያብራሩ የቆመ ሰው ለመማታትም ለመንጠቅም ቅርብ ነው፤ የተቀመጠው ግን ለመነሣት እንኳ ጊዜ ያስፈልገዋል ይላሉ። ሐጂ ተቀመጡ። ውኃ መጣላቸው።

«መሐላው ይቆየን» አሉ ሽማግሌው። «ማስረጃ በከሳሽ ላይ ነው፤ መሐላ በካጁ። ልጁ ገና ምን ተብሎ ተጠይቆ ነው የሚክደው? እስከ መግሪብ ሶላት ይታገሡኝ።»

ሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ወሬ ሲመጣ አረጋግጡ፤ ሳታውቁ ሰዎችን ጎድታችሁ በኋላ እንዳትጸጸቱ ይላል። ብዙ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) እንደሚያነሱት መነሻው የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ከበኒ አል-ሙስጠሊቅ ጎሳ ዘካ እንዲሰበስብ የተላከው አል-ወሊድ ኢብን ዑቅባ ሊቀበሉት የወጡትን ሰዎች አይቶ ፈራና ከመንገድ ተመለሰ፤ ከለከሉኝ፣ ሊገድሉኝም ነበር ብሎ ተናገረ። ነገሩ ሲጣራ ውሸት ሆኖ ተገኘ። «አረጋግጡ» የተባለው ቃል በብዙዎቹ ቂራኣት (የቁርኣን አነባበቦች) «ፈተበየኑ» ነው፤ ታዋቂዎቹ የቁርኣን አንባቢዎች ሐምዛና አል-ኪሳኢ ግን «ፈተሠበቱ» ብለው ያነቡታል። የመጀመሪያው ነገሩ ግልጽ እስኪሆን ፈልጉ ማለት ነው፤ ሁለተኛው እርምጃችሁን ያዙ፣ ባላችሁበት ርጉ ማለት። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ናቸው፤ እየሮጠ የሚያጣራ የለም። እዚህ ሱቅ ደግሞ ወሬ አምጪ ሰው እንኳ አልነበረም። ልጁን የከሰሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ሽማግሌው ቁጥሩን መረመሩት። መጀመሪያ ብሩ እንደገና ተቆጠረ፣ ግን በካሸሩ እጅ አይደለም፤ የተሳሳተ ሰው ሲደግም ያንኑ ስሕተት ይደግማልና። ባለ 200 ኖቱ መቶ መቶ ሆኖ ሲታሰር አንዱ እስር 20,000 ነው፤ አዲስ ኖት ስለሚጣበቅ እያንዳንዱ እስር ተፈትቶ ተቆጠረ። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ራሱ 5,400 የሚባል ሽያጭ ተፈለገ፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ገብቶ በስሕተት እንደ ጥሬ ገንዘብ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። የለም። ከዚያ ግማሹ፣ 2,700፦ ወጪ የነበረ ክፍያ በገቢ ዓምድ ከተጻፈ ጉድለቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚታየው። እሱም የለም።

በመጨረሻ 5,400ን ለ9 አካፈሉት፤ 600 ደረሰ፣ ቀሪ የለውም። ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ድርሻው 600 መሆኑ ደግሞ የተለዋወጡት የሺሕና የመቶ ቤት መሆናቸውንና በመካከላቸው የ6 ልዩነት እንዳለ ይጠቁማል፦ 1 እና 7፣ 2 እና 8፣ 3 እና 9፣ ወይም 0 እና 6። ከ94 መስመር ይህን የሚመስሉት አምስት ብቻ ነበሩ። (ለ9 መካፈሉ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ከዘጠኝ ቁጥር አንዱ እንዲያው ይካፈላል። ደረሰኙ ካልተገኘ ልጁ ነፃ አልወጣም፤ ጥፋተኛም አልሆነም።)

61ኛው መስመር ላይ መዝገቡ 7,100 ይላል። ደረሰኙ 1,700።

ልጁም ቸኩሎ ነበር። ከዙህር በኋላ ገበያው ሲጨናነቅ ደረሰኞቹን አከማችቶ ከሃያ በላይ የሚሆኑትን በአንድ ትንፋሽ ገልብጧቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱ ደረሰኝ ገዢው ሳይሄድ ይመዘገባል፤ በየ25 መስመሩም ይደመራል።

እዚህ ላይ ሶብርን (ትዕግሥትን) ከመጎተት ጋር የሚያምታቱ አሉ። ደመወዝ ሲጠየቅ «ሶብር አድርግ» የሚል አሠሪ ሶብርን ያለ ቦታው ነው የጠቀሰው፤ ያለው ሰው ዕዳውን ማጓተቱ በደል እንደሆነ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ጥንታዊው ዛሂድ (ዓለምን የናቀ መናኝ) ሓቲም አል-አሶምም ችኮላ ከሸይጧን ነው ካሉ በኋላ መቸኮል የሚገባባቸውን አምስት ነገሮች ከዚህ ለይተዋል፦ እንግዳን ማብላት፣ ሬሳን መቅበር፣ የደረሰች ልጅን መዳር፣ ዕዳን መክፈልና ከኃጢአት መመለስ።

ሽማግሌው ደረሰኙን ሐጂ ፊት አስቀመጡ። ሐጂ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«አውፍ በለኝ ልጄ» አሉ።

«ሐጂ» አሉ ሽማግሌው፣ «የተናገሩት በሰው ፊት ነው።»

ሁለቱ ሠራተኞች ተጠሩ፤ ሐጂ ቃላቸውን በፊታቸው ደገሙት። አዛን ሊል ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ሐጂ ከደረሰኙ ጥራዝ የደሴውን ደንበኛ ስልክ ፈልገው ደወሉ።

«አቤት ሐጂ፣ ስለ ጨርቁ ነው?» አለ ሰውየው።

«ስለ ጨርቁ አይደለም» አሉ።