ከናቪሊዮ ገበያ እስከ ላዚዜ፦ የኢታሎ ዲስኮ ሸክላ ፍለጋ

ኢታሎ ዲስኮን ከምንጩ ልግዛ የሚል ሰው የሚላን ጉዞውን ከወሩ የመጨረሻ እሑድ ጋር ያገናኘው። በናቪሊዮ ግራንዴ ቦይ ግራና ቀኝ የሚዘረጋው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የሚቆመው ያን ቀን ነው። አረንጓዴውን የሜትሮ መስመር ይዤ ፖርታ ጄኖቫ ወረድኩ፤ ከዚያ ጥቂት የእግር መንገድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት መድረስ ይበጃል፤ ከረፈደ ነጋዴዎቹ እርስ በርስ ተገበያይተው ጥሩ ጥሩውን አንስተውታል።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ ኢታሎ ዲስኮ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጣልያን ውስጥ በድራም ማሽን (የከበሮ ምት በሚያወጣ መሣሪያ) እና በሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ) የተሠራ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ስሙን ያስለመደው ግን ጀርመናዊ ነው፤ የሸክላ አሳታሚው የዚክስ ኩባንያ ሰው በርንሃርድ ሚኩልስኪ በ1983 በዚህ ስም የስብስብ ሸክላ አወጣ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ110 እስከ 125 ምት ይሆናል። ትልቁ ከበሮ በየምቱ ይወርዳል፣ ባሱ አንዷን ኖታ አንዴ ከታች አንዴ ከላይ እያነሳ ይሮጣል፣ ከላያቸው ትንሽ ሆድ የሚያባባ ዜማ ይሄዳል። ግጥሙ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው፤ ሰዋስው ግን አይጠየቅም። ከ1983 ወዲህ በተሠሩት ላይ የሚሰማው ደወል መሰል ድምፅ የያማሃ ዲኤክስ7 ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ከአኮርዲዮኑ ጋር የቀረጸበት ኪቦርድ ስለሆነ ለሀበሻ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

ሸክላ ሳነሳ ሽፋኑን የማየው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ መሃሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የጣልያን ደራስያን ማኅበር፣ የሲያኤ፣ ምልክት መኖሩን አያለሁ። ቀጥሎ የስልክ መብራት አዘንብዬ፣ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረውን አነባለሁ። ብዙ የጣልያን ሕትመቶች ከመለያ ቁጥራቸው አጠገብ ቀን፣ ወርና ዓመት አላቸው። ቀን የሌለው ሁሉ የውሸት ነው ማለት አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ የተነሳ ያህል ከደበዘዘ፣ በዚያ ላይ አዲስ የሚመስል ሸክላ ውስጥ የመርፌ ጭረት ድምፅ ከተሰማ ግን ከሌላ ሸክላ ላይ የተቀዳ ነውና አልገዛውም።

ጭረቱን በጥፍር መለየት ይቻላል፤ ጥፍር የማይዘውን ቀጭን መስመር እተወዋለሁ፣ ጥፍር የሚይዘው ግን በእያንዳንዱ ዙር ይንኳኳል። የባሰው ቀዳዳው ከመሃል የሳተ ሸክላ ነው። ሻጩ ማጫወቻ ካለው የመርፌውን ክንድ ከላይ እዩት፤ በየዙሩ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። የሲንተሳይዘር ረጅም ኖታ ደግሞ ይህን ጉድለት አይደብቅም። የታወቁት ዘፈኖች በጥቂት ዩሮ ይገኛሉ፤ በትንሽ ቁጥር የታተሙት፣ ለምሳሌ በ1983 የወጣው የቻርሊ «ስፔሰር ውማን» የመጀመሪያ ሕትመት፣ መቶ ዩሮን ሊያልፉ ይችላሉ።

ሽፋኑ ላይ ባለው መልክም አትመኑ። ዴን ሃሮው በሚባል የዘፋኝ ስም መድረክ ላይ ይወጣ የነበረው ስቴፋኖ ዛንድሪ ነበር፤ በታወቁት ዘፈኖቹ ላይ የሚሰማው ግን የቶም ሁከር ድምፅ ነው። እኔ ጀርባውን፣ የዘፋኝ ድምፅ የሌለበትን ገጽ አስቀድማለሁ፤ የማሽኖቹ ሥራ ጥርት ብሎ የሚሰማው እዚያ ነው።

ለምሳ በቀዩ መስመር ፖርታ ቬኔዚያ መውረድ ነው፤ ላዛሮ ፓላዚና ሜልዞ ጎዳናዎች አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም። ከረጢቱን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ማራቅ ነው፤ ሸክላ ቶሎ ይጣመማል።

በጋርዳ ሐይቅ ዳር ወዳለችው ላዚዜ ከተማ ከሚላን ማዕከላዊ ጣቢያ በባቡር እስከ ፔስኬራ ዴል ጋርዳ፣ ከዚያ በአውቶቡስ የሐይቁን ዳር ይዞ መሄድ ነው። ዲጄው ዳንኤሌ ባልዴሊ ሙዚቃ ያጫውትበት የነበረው ኮስሚክ የተባለ የጭፈራ ቤት ከ1979 እስከ 1984 የሠራው እዚህ ነበር። የእሱ ስልት ከኢታሎ ይለያል፤ የአፍሪካ ከበሮንና ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ይቀላቅላል፣ በደቂቃ 45 ዙር የሚዞረውንም ሸክላ በ33 ዙር ያጫውታል። በደቂቃ 120 የነበረው ምት ወደ 89 ይወርዳል፣ ቃናውም ከአምስት ግማሽ ድምፅ በላይ ዝቅ ይላል። የሚሞክር ሰው የዘፋኝ ድምፅ የሌለበትን ገጽ ይምረጥ፤ የዘፋኙ ድምፅ ሲጎተት ለዛ የለውም። ከዘገየ የማጫወቻውን የፍጥነት ማስተካከያ እስከ ሲደመር 8 በመቶ መግፋት ይቻላል፤ 89ኙ 96 ይሆናል።

ለመልስ ጉዞ እያንዳንዱን ሸክላ ከሽፋኑ አውጥቶ፣ በውስጥ ወረቀቱ እንዳለ፣ ከሽፋኑ ጀርባ ማድረግ ነው፤ ውስጥ ከቀረ ቦርሳው በተጣለ ቁጥር ጠርዙ ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል። አሥሩ ከነሽፋናቸው ሁለት ኪሎ ገደማ ስለሚመዝኑ በእጅ ሻንጣ መያዝ ይቻላል፤ የሻንጣው ወርድ ብቻ ከ32 ሳንቲሜትር አይነስ።